ምዕራፍ ስድስት፦ ዲቴክተር ይዞ እስከ ወገብ ውኃ ውስጥ መቆም

በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ከሴባስቲያን እስከ ፎርት ፒርስ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ የተዘረጋውን የአትላንቲክ ዳርቻ የአገሩ ሰው «የውድ ሀብት ዳርቻ» ይለዋል። ስሙን ያተረፈው በአንድ ሌሊት አደጋ ነው። ብርና ወርቅ ጭነው ከሃቫና የተነሡ 11 የስፔን መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1715፣ ጁላይ 30 ለ31 አጥቢያ፣ አውሎ ነፋስ መትቷቸው እዚህ ተሰባብረው ቀሩ። ከ300 ዓመት በኋላ ዛሬም ብርቱ ማዕበል አሸዋውን ሲያገላብጠው አልፎ አልፎ ሳንቲም ይወጣል።

ይሁን እንጂ በማለዳ ዲቴክተር፣ ማለትም አሸዋ ሥር ያለን ብረት በድምፅ የሚጠቁም ማሽን፣ ይዞ ውኃ ውስጥ የሚታየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የስፔንን ብር አይፈልግም። የሚፈልገው ትናንት ከዋናተኛ ጣት ላይ የወለቀውን ቀለበት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ጣትን ያሳንሳል፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ያሙለጨልጫል። ቀለበቱ ባለቤቱ ሳያውቅ ይወልቃል። ንጹሕ ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ፣ ማዕበል ባላላው አሸዋ ውስጥ እየሰጠመ ይሄድና ጠንካራ ሸክላ ወይም የዛጎል ንጣፍ ላይ ሲደርስ ያርፋል።

የሚያርፍበትን ቦታ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የጥንቃቄው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የባሕሩ ወለል ከዳርቻው ተነሥቶ ዝም ብሎ ቁልቁል አይወርድም። ከዳርቻው ትይዩ የአሸዋ ጉብታ አለ፤ በጉብታውና በዳርቻው መካከል ደግሞ ውኃ የቆፈረው ቦይ አለ። ከባድ ነገር የሚሰበሰበው ቦዩ ውስጥ ስለሆነ ልምድ ያለው ፈላጊ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን ማዕበሉ ጉብታውን አሻግሮ የሚያፈሰው ውኃ ወደ ባሕር የሚመለሰው በዚሁ ቦይ ተጉዞ፣ ጉብታው የተሰበረበትን ክፍተት ፈልጎ ነው። ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ሰው ይዞ ወደ ጥልቁ የሚወጣ ጎታች ጅረት ይሆናል። የእንዲህ ዓይነቱ ጅረት ፍጥነት በሰከንድ እስከ 2.4 ሜትር ሲደርስ ተለክቷል፤ ይህ ከኦሎምፒክ ዋናተኛ ይበልጣል። ቀለበት የሚገኝበት ቦታና ሰው የሚወሰድበት ቦታ ጎን ለጎን ናቸው ማለት ነው። ፈላጊው ደግሞ እዚያ የሚቆመው ሁለት እጁ ተይዞ፣ ጆሮው በማሽኑ ማዳመጫ ተሸፍኖ፣ ዓይኑን ወደ ታች ተክሎ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ አንድ ሕግ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል እላለሁ። ሰውነትዎ ላይ ያለ ማናቸውም ዕቃ በአንድ እጅ፣ በአንድ እንቅስቃሴ፣ ሳይመለከቱት መውለቅ አለበት። የማይወልቅ ከሆነ ከእርስዎ ጋር ውኃ አይግባ።

ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ደህና የውኃ ዲቴክተር ብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዱም ከሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ገዢው ማዕበል እንዳይነጥቀው ይሰጋና ማሽኑን በናይለን ገመድ አንጓው ላይ በቋጠሮ ያስራል። የአሸዋ መዛቂያውን፣ ማለትም ረጅም እጀታ ያለውንና ወንፊት የሆነውን የብረት አካፋ፣ በሌላ ገመድ ወገቡ ላይ ያንጠለጥላል። ውኃው ጸጥ ባለ ጊዜ ይህ ምቹ ነው። ጅረት ሲጎትት ግን አካፋው አሸዋ ውስጥ ተሰክቶ እንደ መልህቅ ሰውየውን ባለበት ያስቀረዋል፤ ማዕበል በላዩ ላይ ያልፋል። የራሰ ቋጠሮ ደግሞ በቀዘቀዘ ጣት አይፈታም።

የሚሻለው እንደ ድሮ ስልክ ሽቦ የተጠማዘዘ፣ የሚሳብና የሚሰበሰብ አጭር ማሰሪያ ነው። አንጓ ላይ አይታሰርም፤ ቀበቶ ላይ ባለ፣ ሲጫኑት በሚከፈት የፕላስቲክ ዘለበት ይያያዛል። ቀበቶው ከልብስ ሁሉ በላይ ይሁን። እስከ ደረት የሚገቡና ውኃው እንዳያነሣቸው የእርሳስ ክብደት የሚታጠቁ ሰዎችም አሉ። እነሱ ከጠላቂዎች ሥርዓት መማር ይገባቸዋል፤ የጠላቂ የክብደት ቀበቶ በአንድ እጅ ተስቦ ይከፈታል፣ ሌላ ማሰሪያም በላዩ ላይ አይደረብበትም። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የብስ ላይ ዓይንን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ መለማመድ ያስፈልጋል። እጅ ያልለመደውን ነገር በድንጋጤ ሰዓት አያደርገውም።

ጅረት ከያዘዎት ሁሉንም ይልቀቁ። አካፋው እዚያው ይሰጥማል፤ በማግስቱ ሌላ ፈላጊ ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት አይታገሉ። ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኝተው ይውጡለት፤ ካልቻሉ ተንሳፍፈው ይቆዩና እጅዎን አንሥተው ይጣሩ። ጅረት ሰውን ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። የሚገድለው በመቃወም የሚመጣው ድካም ነው።

በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ዳርቻዎችና በአውሮፓ እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው የሚገቡ አሉ። ሱሪው ወገቡ ላይ በቀበቶ ካልጠበቀ ሰውየው በወደቀ ጊዜ ውኃ ይሞላና ለመነሣት ያስቸግራል። ማዕበል ባለበት ባሕር እኔ ጨርሶ አልመክረውም፤ ገላ ላይ የሚጣበቅ የዋና ልብስ ይሻላል።

ስለ ጆሮ ማዳመጫው ብዙ ሰው የሚያስበው ድምፁ ጠርቶ መሰማቱን ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ የሚከልለው ድምፅ ነው። የሕይወት አድን ሠራተኛው ፊሽካ፣ ነጎድጓድ፣ ከኋላ የሚሰበር ማዕበል፣ ሁሉም ከጆሮ ማዳመጫው ውጭ ነው ያለው። ስለዚህ አንዱን ጆሮ ገለጥ ማድረግ ደግ ነው። ብዙዎቹ የውኃ ማሽኖች ጆሮ ማዳመጫቸው በሽቦ ከሳጥኑ ጋር ስለሚያያዝ፣ ሽቦው ከፊት ክንድ ላይ እንዳይጠማዘዝ በጀርባ በኩል ይውረድ። አንገት ላይ ግን ፈጽሞ አይጠምጠም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። «ውኃ አይገባውም» የሚለው ቃል ከማሽን ማሽን ይለያያል። በገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የጋሬት ኤስ ተከታታዮች፣ ውኃ የሚነከረው ታችኛው ክብ ኮይላቸው ብቻ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ከራሰ ይበላሻል። ጋሬት ኤቲ ፕሮ ሳጥኑን ጨምሮ እስከ 3 ሜትር ይገባል፤ ከማሽኑ ጋር የሚሸጠው ጆሮ ማዳመጫ ግን ውኃ አይችልም፣ የውኃ የሆነው ለብቻው ይገዛል። የማይንላብ ኢኩዊኖክስ 800ም ልኩ 3 ሜትር ነው። ለጠላቂ የተሠራው ማይንላብ ኤክስካሊበር 2 እስከ 60 ሜትር ይወርዳል። እስከ ወገብ ለሚገባ ሰው 3 ሜትር በቂ ነው፤ ትርፉ ለማዕበል ምትና ለድንገት መውደቅ ይሆናል።

ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ ማሽን ባሕር ውስጥ ሲገባ ጨዉን እንደ ብረት ቆጥሮ ይጮኻል። በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው ጨዉን ለይቶ ይተወዋል። ሦስተኛው ዓይነት በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ይሠራል፤ ምቱን ልኮ ጥቂት ጠብቆ ያዳምጣል። በዚያች ቅጽበት በጨው ውኃ ውስጥ የተነሣው ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ጠፍቶ የብረቱ ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ በባሕር ውስጥ ጸጥ ያለና ጥልቅ የሚሰማ ማሽን ነው። ነገር ግን ወርቅን ከዛገ ሚስማር ለይቶ አይነግርም ማለት ይቻላል። ከደኅንነት አንጻር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የምት ማሽን የያዘ ሰው ሚስማሩንም፣ መንጠቆውንም፣ የተቆረጠ ሽቦውንም ሁሉ ይዝቃልና እጁ ከስለታም ብረት ጋር ብዙ ጊዜ ይገናኛል።

ውኃ ወደ ማሽኑ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በባትሪው ክዳን ነው። ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱት። ዙሪያውን ኦሪንግ የሚባል ቀጭን ጥቁር የጎማ ቀለበት ያገኛሉ። ቀለበቱ የሚሠራው ክዳኑ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ስለሚሞላ ነው። አንዲት ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት በላዩ ካረፈች ከጎንና ከጎኗ ውኃ የሚያልፍበት መንገድ ትተዋለች። ስለዚህ ቀለበቱን በጣት ጫፍ፣ ስለት በሌለው ነገር ያውጡት፤ የገባበትን ጎድጓዳ ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉት። ቀለበቱን በሁለት ጣት መካከል ቀስ አድርገው ያዙሩት፤ የተሰነጠቀ፣ የተቆረሰ ወይም የተዘረጠጠ ቦታ ካለ ጣት ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ደህና ከሆነ የሲልከን ቅባት በጣም በስሱ ይቀባል። ቅባቱ ጎማውን ለማለስለስ ነው፤ ብዙ ከሆነ አሸዋ ይይዛል። ቫዝሊንና የሞተር ግራሶ ብዙ ዓይነት ጎማ ስለሚያሳብጡ አይጠቀሙባቸው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። ነፋስ ባለበት ዳርቻ ላይ የባትሪ ክዳን አይከፈትም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አደጋ አለ። ማሽኑ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ 50 ዲግሪ ደርሶ ወዲያው 25 ዲግሪ በሆነ ባሕር ውስጥ ቢነከር፣ በሳጥኑ ውስጥ የታሸገው አየር ቀዝቅዞ ግፊቱ በ8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ ማሽኑን ወደ 80 ሴንቲሜትር ተጨማሪ ጥልቀት እንደማውረድ ነው፤ ልዩነቱም ሳጥኑ ከውስጥ ወደ ራሱ እንዲስብ ያደርገዋል። የደከመ ኦሪንግ ካለ ውኃው የሚገባው ያኔ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሽኑን ጥላ ሥር አቆይቶ፣ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ማስገባት።

ሊቲየም ባትሪ ያለው ማሽን ውኃ ከገባበት ነገሩ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል። የጨው ውኃ የባትሪውን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ሊያግለውና ሊያቃጥለው ይችላል። ከመስተዋቱ በስተጀርባ እርጥበት ካዩ ማሽኑን ያጥፉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፤ ደርቋል ብለው ገምተው ቻርጀር ላይ አይሰኩት፣ መኝታ ቤትም አያሳድሩት።

ወደ አካፋው ልመለስ፤ ውኃ ውስጥ ጉዳት የሚያደርሰው ከማሽኑ ይልቅ እሱ ነውና። ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያዩት ማዕበሉን ነው። ለማዕበሉ ጎንዎን ሰጥተው፣ እግርዎን ከፈት አድርገው ይቁሙ፤ ጀርባ አይሰጥም። ማሽኑ በእርስዎና በማዕበሉ መካከል አይሁን፤ ውኃው ዘንጉን መልሶ ፊት ላይ ይመታልና። የኮይሉን መካከል በአንድ እግር ጣቶች ያመልክቱ፣ ኮይሉን ያርቁ፣ የአካፋውን ስለት ከእግሩ ራቅ አድርገው ይትከሉ። የአካፋውን ጀርባ ተረከዝ ባለው ጠንካራ ጫማ ይርገጡት፤ በባዶ እግር ወይም በስስ የዋና ጫማ የሚረግጥ ሰው ዛሬ ባይሆን ነገ ጣቱን ይቆርጣል። ከዚያ እጀታውን ወደ ኋላ ይጎትቱና አካፋውን እዚያው ውኃ ውስጥ ይነቅንቁት፤ አሸዋው በወንፊቱ ያልቃል። ሲያወጡት ውስጡን በዓይን ይዩ። እጅ አይሰደድም።

ምክንያቱም እዚያ የሚቀረው ቀለበት ብቻ አይደለም። የዓሣ መንጠቆ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የዛገ ሚስማር፣ አንዳንዴም መርፌ ይኖራል። የማይቆረጥ ጓንት ያድርጉ፤ የቴታነስ ክትባትዎ ጊዜው ያላለፈ ይሁን። ጢም ያለው መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከገባ ወደ ኋላ አይጎትቱት፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ከዓሣ አጥማጆች የቀረ እርሳስ በብዛት ይወጣል፤ እሱን የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆርስም።

ቁስል ያለበት ሰው የፍሎሪዳን ሞቃት ባሕር ባይገባ ይሻላል። ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ በቁስል በኩል ገብቶ በፍጥነት ሥጋ ያበላሻል። የጉበት በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ለሞት የሚያደርስ ነው። ባሕር ውስጥ የተቆረጠ ቦታ በሰዓታት ውስጥ ካበጠና ከጠቆረ ነገን አይጠብቁ።

ወለሉ ላይ ተኝቶ አሸዋ የሚለብሰው ጠፍጣፋ ዓሣ ስቲንግሬይ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ አለው። እግርን እያነሡ ከመራመድ አሸዋው ላይ እየጎተቱ መሄድ ያባርረዋል። ከወጋ፣ ቁስሉን መቻል በሚቻለው ትኩስ ውኃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያበርደዋል፤ ከዚያ ሕክምና ያስፈልጋል።

የማይዛቅ ነገርም አለ። ፎርት ፒርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የማረፊያ ዘመቻ የሚያለማምድበት ቦታ ነበር፤ ወታደሮቹ በዚያ ዳርቻ ላይ መሰናክል በፈንጂ ማፍረስ ይማሩ ነበር። ያልፈነዳ ጥይትና ፈንጂ ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ተገኝቷል። ማሽኑ ሰፊና ብርቱ ድምፅ ካሰማና አካፋው ትልቅ፣ ክብ፣ የዛገ ብረት ከነካ ማውጣት ይቁም። ቦታውን በዓይን ምልክት አድርገው ይውጡ፣ 911 ይደውሉ። ይህን ምክር በብዙ የአውሮፓ ዳርቻዎች የሚሠራ ሰው እጥፍ አድርጎ ይያዘው።

ፍሎሪዳ መብረቅ የሚበዛበት ግዛት ነው። እስከ ወገብ ውኃ ውስጥ ሆኖ ረጅም የብረት እጀታ ይዞ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ነጎድጓድ ከተሰማ ውጡ፤ ዕቃውን አስቀምጡና ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። ዳርቻው ላይ የተሰቀለው ባንዲራም ይታይ። ቀይ ከባድ አደጋ ነው፤ ሁለት ቀይ ውኃው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ሐምራዊ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ መኖሩን ይናገራል።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው ግን በውኃው መሙላት ነው። ፈላጊዎች ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት ቦዩን ተሻግረው ጉብታው ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ውኃው ጉልበት አይደርስም። ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ሳለ ውኃው ይመለሳል። ከኋላቸው ያለው ቦይ ከጉብታው ቀድሞ ይሞላል፤ ሲዞሩ በዳርቻውና በእነሱ መካከል ያለው ውኃ ከደረት አልፏል። የውኃውን መሸሽና መመለስ ሰዓት ከመሄድዎ በፊት ይዩ፤ ውኃው ዝቅተኛው ላይ ከደረሰ በኋላ ጉብታው ላይ አይቆዩ። የስልክ ማንቂያ ቢሞሉ ጥሩ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያለ ሰው ሰዓት አያስታውስም።

ከወጡ በኋላ ማሽኑን በንጹሕ ውኃ ያጥቡት፤ በግፊት ግን አይርጩበት፣ ግፊት ያለው ውኃ ኦሪንጉን ያልፋልና። ዘንጉን ከፍለው አሸዋውን ያውጡ፤ ካልወጣ ማጥበቂያውን ይነክሰዋል። የቻርጅ መሰኪያው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይሰካ፤ እርጥብ ጨው ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መሰኪያውን ይበላዋል።

ሕጉም የጥንቃቄ አካል ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ በግዛቱ ውኃ ሥር የሚገኝ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ታሪካዊ ዕቃ የግዛቱ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይወሰድም። እስራኤል ውስጥ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በአሽዶድ፣ በአሽቀሎንና በናታንያ ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የቅርስ ሕግ ከ1700 በፊት በሰው የተሠራን ዕቃ ሁሉ የመንግሥት ያደርገዋል፤ ቅርስ በዲቴክተር መፈለግም ፈቃድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቄሣርያ ወደብ ጠላቂዎች ወደ 2,000 የሚጠጉ የፋጢሚድ ዘመን የወርቅ ዲናሮች አግኝተው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ አሳውቀዋል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት።

አገር ቤት ባሕር የለንም፤ በደጋ ያደግን ብዙዎች ዋና ሳንማር ነው ባሕር ያለበት አገር የደረስነው። ዲቴክተር መግዛት የሚፈልጉ ዋና የማይችሉ ከሆነ፣ ማሽኑን ከማዘዝዎ በፊት ለዋና ትምህርት ይመዝገቡ፤ በአሜሪካ ብዙ የከተማ መዋኛዎች ለአዋቂ ያስተምራሉ። እስከዚያ ድረስ ጫማ በሚያረጥበው ውኃና በእርጥቡ አሸዋ ላይ ይፈልጉ። ሲገቡም የሕይወት አድን ሠራተኛ ባለበት ዳርቻ፣ ከሌላ ሰው ጋር፣ ቤት ያለ ሰው የት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱ እያወቀ ይግቡ።